አምፖሉ በርቶ ነበር?

ጊደሯ የመጣችው ሳርፓን በሞተ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ነው። የሰባተኛው ቀን ዱዓ ላይ የተበላበት የሙዝ ቅጠል ገና ከግቢው አልተጠረገም። የመንደሩ ሹም ፓክ ዲርጆ ከፊት፣ ማርሱዲ ገመዱን ይዞ ከኋላ፣ ጊደሯ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ያዘነች መስላ መሃላቸው ገብታ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሩሚያህ ግቢ ታጠፉ። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ለሚፈረመው ወረቀት ምስክር ስለሆንኩ መቅረት አልችልም፤ ምስክር ስለሆንኩም መቅደም አልፈለግሁም።

ሳርፓንን የገደለው የማርሱዲ ሽቦ ነው። በእኛ መንደር በሱምበርጆ ይህን የሚክድ የለም። ጮክ ብሎ የሚናገርም የለም።

አይጥ ሩዛችንን ይበላል። አሁን "አይጥ" ብዬ የጻፍኩት ቤቴ ተቀምጬ ስለሆነ ነው። ማሳ ላይ ቆሞ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ይሰማል፣ ይቀየማል፣ ቂም ይዞ ዘመዶቹን ይጠራል ይባላል። ስለዚህ "መልከ መልካሙ ጌታ" እንለዋለን። "መልከ መልካሙ ጌታ ትናንት የፓክ ካርዮን ሩብ ማሳ ጎብኝተዋል" እንባባላለን፤ በአንቱታ። አክብረን እንጠራዋለን፣ ከዚያ በኮረንቲ እንጠብሰዋለን።

አያቶቻችን በቀን ብርሃን ዱላና ዶማ ይዘው፣ መንደሩ ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ፣ ጉድጓዱን እየቆፈሩ፣ ድኝ እያጨሱ ነበር የሚገድሉት። ለዚያ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። እጁ ሁሉ ከተማ ገብቶ ጫማ ይሰፋል። የቀረነው ወገባችን የሚያመንና ሽቦ ነን። ከጭቃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በቀርከሃ ችካል ላይ ማሳውን የሚዞር ራቁት ሽቦ፣ ከቤት የተሳበ ኮረንቲ፣ አለቀ። ጠዋት ጌቶቹን በጆንያ መልቀም ነው።

ሽቦውን የምዘረጋው እኔ ነኝ። ጊማን እባላለሁ። የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ አስተካክላለሁ፣ ለሠርግ ድንኳን መብራት እሰቅላለሁ። ኤሌክትሪክ ማንም አላስተማረኝም፤ በአንድ የተበላሸ ራዲዮ ጀመርኩ፣ የቀረውን እየነዘረኝ ተማርኩ። ሳርፓን በሞተበት ዓመት አርባ አንድ ማሳ ላይ የእኔ እጅ ሥራ ነበር።

በሌሎች መንደሮች ሽቦው ሰው ይገድል ነበር። ሰምተናል። "እነሱ ሥርዓት የላቸውም" አልን፣ ለውዝ እየፈለፈልን ተሰብስበን ሥርዓት አወጣን። ከየማሳው ጥግ ረጅም ቀርከሃ ይተከላል፣ ጫፉ ላይ አምፖል ይሰቀላል። አምፖሉ ከበራ ሽቦው በርቷል፣ አትለፍ። ከጠፋ ጠፍቷል፣ እለፍ። የእኛ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ይህችን ይቆጥራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አምፖሉን ያገናኘሁት፣ ቢቃጠልም ሆነ ቢነቀል ሽቦው ሥራውን እንዲቀጥል አድርጌ ነው። አለዚያ አንድ ርካሽ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ጌቶች ገብተው ሊያድሩ ነው። ሩዙን አስቤ ነበር። ሁሉም አመስግኖኛል፤ ሳርፓንም ጭምር፣ አንድ ዘለላ ሙዝ ሰጥቶኛል።

ማርሱዲ ልጁን ሲድር ከቤቱ ጓሮ የተተከለው ኩሽና ጨለማ ሆነ። ሴቶቹ ቴምፔውን፣ የአኩሪ አተሩን ቂጣ፣ የሚጠብሱት በዳበሳ ነበር፤ አንዷ ጣቷን ጠበሰች፣ ተሰደብን። ማርሱዲ አዲሱን ባርኔጣ እንዳጠለቀ መጣ።

"ጊማን፣ የማሳዬን አምፖል ነቅለህ አምጣልኝማ።"

"ሽቦውስ?"

"ዛሬ ማን ያበራዋል! ሠርግ ላይ አይደለንም እንዴ?"

ሄጄ ነቀልኩት። ኩሽናው በራ። ቴምፔው ጥሩ ነበር፣ እኔም በላሁ። አመሻሹ ላይ ማርሱዲ ሩዙ ወተት መያዙ ትዝ አለው። አይጥ ወተት የያዘ ሩዝ ይወዳል። እንግዳውን ሁሉ እየሳቀ ካስተናገደ በኋላ ጓዳ ገብቶ የሽቦውን ማብሪያ ተጫነ። የአምፖሉን ነገር ረሳሁት ይላል። ረስቶ ይሆናል። የሩዙን ግን አልረሳም።

ሳርፓን ያን ማታ ወንበር ሲሸከም አምሽቶ፣ ንጋት ላይ የውሃ ተራው ስለነበር ቦዩን ሊከፍት ወጣ። መንገዱ በማርሱዲ ማሳ ጠርዝ ነው። ቀና ብሎ ቀርከሃውን አይቷል፤ ሁሌም ያያል። ጨለማ ነው። ተሻገረ። ውሃው የሚያዞረው ጠፍቶ የካርዮን የታችኛውን ማሳ አጥለቀለቀ፤ ካርዮ ሊጣላ እየተራገመ መጥቶ ነው ሽቦው ላይ ወድቆ ያገኘው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ፖሊስና ሐኪም ሲደርሱ አምፖሉ ቀርከሃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይበራ ነበር። የኩሽና ዘይት ጠግቦ ቢጫ ሆኗል። አየሁት። ፖሊሱም አየው፣ እሱ ግን ኩሽናውን አያውቅም። ፓክ ዲርጆ "እኛ ቤተሰብ ነን፣ በመካከላችን እንጨርሰዋለን፣ አልከስም የሚል የሚስቱን ደብዳቤ እንልካለን" ብሎ ሸኛቸው።

ጀናዛው ከግቢ ሳይወጣ፣ እንደ ልማዳችን ኢማሙ ቃሬዛው አጠገብ ቆሞ ጠየቀ።

"ወገኖቼ፣ ሳርፓን ጥሩ ሰው ነበር?"

"ጥሩ!" አልን።

"ጥሩ ሰው ነበር?"

"ጥሩ!"

ሦስተኛው ላይ ከሁሉም በላይ የተሰማው የማርሱዲ ድምፅ ነው። ሴቶቹ መሃል የቆመችው ሩሚያህ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ቃሬዛውን አነሳን። እኔ በቀኝ በኩል ነበርኩ።

እንግዲህ ጊደሯ ግቢ ገባች።

"ቡ ሩሚያህ፣ እንዴት አደርሽ?" አለ ፓክ ዲርጆ፤ በእኛ "ፓክ" አቶ፣ "ቡ" ወይዘሮ ማለት ነው። "ማርሱዲ እቺን ይዞልሽ መጥቷል። ከልቡ ነው።"

"እንኳን ደህና መጣችሁ።" ጊደሯን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ምን ትበላለች?"

"ሣር ነዋ።"

"ሣር የሚያጭደው ሳርፓን ነበር።"

ማርሱዲ ሳል ያዘው። ፓክ ዲርጆ ቶሎ ብሎ ከላስቲክ ማኅደር ውስጥ ወረቀት አወጣ። "ለፖሊሶቹ ፋይል ነው፣ ምንም አይደል። እዚህ ታች ፈርሚልኝ፣ ጊማን ደግሞ በምስክርነት ይፈርማል።"

"ላንብበው።"

"ረጅም ነው እኮ።"

"ጊደሯ ቸኩላለች እንዴ?"

ሩሚያህ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች ጮክ ብላ ታነባለች። "'ሟች ሳርፓን የማስጠንቀቂያው አምፖል በግልጽ እየበራ ሳለ፣ በራሱ ቸልተኝነት ሽቦውን በመርገጡ… የአላህ ውሳኔ መሆኑን ተቀብለን… ማንንም ላንከስ፣ ላንጠይቅ…'" ጣቷ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"አምፖሉ በርቶ ነበር?"

ጊደሯ ሸናች። በዚያ ግቢ ውስጥ የልቧን በግልጽ ያደረገች እሷ ብቻ ነበረች።

"በርቶ ነበር" አለ ማርሱዲ በመጨረሻ። "ፖሊሱ ራሱ አይቶታል።"

"ፖሊሱ ያየው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሳርፓን የወጣው አሥራ አንድ ተኩል ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ነው" አለ ፓክ ዲርጆ ድምፁን አለስልሶ። "ሠርግ አምሽቶ ነበር። እንቅልፍ ይሆናል፣ ድካም ይሆናል…"

"ሳርፓን ጫማውን ሲያጠልቅ እንኳ ጊንጥ እንዳይኖር ሦስቴ የሚያራግፍ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስቄበታለሁ። እሱ ነው የበራ አምፖል ሥር የሚራመደው?" ወደ እኔ ዞረች። "ጊማን፣ አንተ መብራት ታውቃለህ። በርቶ ነበር?"

"እኔ ስደርስ በርቶ ነበር" አልኩ።

እውነቴን ነው። እንዲህ ያለውን እውነት በየገበያው በቁና ይሰፍሩታል።

ወረቀቱን አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። "ላስብበት።"

"ጊደሯስ?" አለ ማርሱዲ።

"እሷም ታስብበት።"

ሩሚያህ ግቢ ካለ ዛፍ ላይ አሰሯት፣ ወጣን። መንገድ ላይ ማርሱዲ ክንዴን ያዘኝ።

"ደህና ተናገርክ።"

"ምን ተናገርኩ?"

"እሱን ነው የምልህ።"

ጥቂት ሄድን። ከዚያ፣ ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ "አምፖሉ ዘይት አለበት" አልኩት።

"የምን ዘይት?"

"የኩሽና። ጥረገው።"

በማግስቱ በዚያ ሳልፍ አምፖሉ እንደ ዓይን ብሌን ጠርቶ ነበር። ሰው ሳይጠይቀኝ የሰጠሁት ምክር በሕይወቴ ይህ ብቻ ነው፤ የተሰማልኝም ይሄው ብቻ።

ሩሚያህ ሳትፈርም ሁለት ቀን አለፈ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ሳርፓን በየቡና ቤቱ ባሕርዩን ቀየረ። መጀመሪያ ቸልተኛ ነበር። በማግስቱ እንቅልፋም ሆነ። ማታውኑ "ሠርጉ ላይ የሆነ ነገር ጠጥቶ ነበር" ተባለ፤ በሕይወቱ ከሻይ ሌላ ያልጠጣ ሰው። ሴትየዋ በዘገየች ቁጥር የሞተው ሰው እየከፋ ይሄዳል። በቀብሩ ቀን "ጥሩ" ያልነው ሰው በዐሥራ አንደኛው ቀን ደህና አድርጎ ተበላሸ።

ዐሥራ አንደኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ፓክ ዲርጆ ቤት ተሰበሰብን። ሻይ ቀረበ፣ የተቀቀለ ለውዝ ቀረበ፣ የተጠበሰ ካሳቫ ቀረበ። ሩሚያህ ሳትጠራ መጣችና ከወንዶቹ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቦታ የለቀቀላት የለም፣ ተነሺ ያላትም የለም።

ፓክ ዲርጆ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ፖሊሶቹ ደብዳቤው የት ደረሰ እያሉኝ ነው። ሰኞ ካልደረሰ ራሳቸው ይመጣሉ። ከመጡ የማንን ሽቦ አይተው የማንን ይተዋሉ? ሩዙ ደግሞ ወተት ይዟል። መልከ መልካሙ ጌታ ዘንድሮ በዝተዋል።"

"በጣም በዝተዋል" አለ ካርዮ። ካርዮ የፊት ጥርስ የለውም፣ አፉ ግን ሥራ አይፈታም። "ትናንት አንዱ ጌታ ጥጃ አክሎ አየሁት። ሰላምታ ሊሰጠኝ ምንም አልቀረው!"

ሳቁ። ሩሚያህ አልሳቀችም።

"እኔ የምፈራው ሌላ ነው" አለ ማርሱዲ ዓይኑን ለውዙ ላይ ተክሎ። "ዝም ብዬ ነበር፣ የሞተ ሰው ስም ላለማንሳት። ግን በዚያ ሰዓት በእኔ ማሳ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ከማሳው በታች የዓሣ ኩሬ አለኝ።"

ከዚያ ካርዮ ቀስ ብሎ፣ "ይሄማ… ዓሣው ቀንሷል ስትል ሰምቼ ነበር" አለ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። አንዱ ችካል ይተክላል፣ ሌላው ሽቦ ይስባል።

ሩሚያህ ተነሳች።

"የውሃ ተራው ነበር። የተራው ሰሌዳ ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ዞር ይበሉና ያንብቡት። አይጥ! አይጥ! አይጥ! ይኸው በስሙ ጠራሁት፣ ይምጣና ይብላኝ። እናንተ አይጡን ጌታዬ ትላላችሁ፣ ባሌን ሌባ ትላላችሁ። ሞቶ እንኳ ከአይጥ እኩል አላደረጋችሁትም!"

"ቡ ሩሚያህ፣ ተይ፣ ሰው ይሰማል" አለ ፓክ ዲርጆ።

"ይስማ እንጂ! ማን ነው የማይሰማው? እስቲ ሽቦ የሌለው እጁን ያውጣ።"

ማንም አላወጣም። ካርዮ አላስቻለውም። "የራስሽስ? ሳርፓንም ማሳው ላይ ሽቦ ነበረው እኮ! እሱ ሰው ገድሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ትጮሂ ነበር?"

"ነበረው" አለች። "ትናንት በገዛ እጄ ጠቅልዬዋለሁ። ከዶሮ ቤቱ ሥር ነው። የፈለገ ይውሰድና ይታነቅበት።"

ማርሱዲ "እንግዲህ አምፖሉ እንደበራ ሁሉም ያውቃል" ብሎ ጀመረ። እኔ አፌ ውስጥ ለውዝ ነበር። ዋጥኩት።

"አምፖሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ጣሪያው የተነሳ መሰለኝ።

"ምን አልክ?"

"በሠርጉ ቀን፣ ለኩሽናው። ማርሱዲ ንቀል ብሎኝ ነቀልኩት። በማግስቱ ጠዋት ነው የተመለሰው።"

"ዝም በል አንተ ሰውዬ!" ማርሱዲ ብድግ አለ፣ የሻዩ ብርጭቆ ተገለበጠ። "ሽቦውን ማን ዘረጋው? ተናገር እንጂ! አንተ አይደለህ የዘረጋኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ መጀመሪያ የምትታሰረው አንተ ነህ!"

"የእኔንም ሽቦ የዘረጋኸው አንተ ነህ" አለ ካርዮ ፊቱ ተለዋውጦ። "ስሜን ፖሊስ ጣቢያ ብትጠራ፣ በአላህ እምላለሁ፣ ፓምፕ የሚያስጠግንህ አንድ ሰው አታገኝም። በልመና ነው የምትሞተው!"

"ጅል!" አለ ሌላው ከኋላ። "መስጊዱን ሁሉ የሚያናግር ሰው የራሱን አፍ መዝጋት አቃተው!"

ሩሚያህ ብቻ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ታመሰግነኛለች ብዬ አስቤ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

"ስንት ቀን ሆነው?" አለችኝ።

"ዐሥራ አንድ።"

"ቃሬዛውን ተሸክመሃል።"

"አዎ።"

"ግቢዬ ውስጥ ስጠይቅህ 'እኔ ስደርስ በርቶ ነበር' አልክ።"

"አዎ።"

"ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ባሌን ቂል አድርገህ ቀብረኸው ቆየህ። ዛሬ ሌባ ሲሉት ነው የከበደህ? ቂልነቱ ቀሎህ ነበር?"

ከምንጣፉ ላይ የለውዙን ልጣጭ መልቀም ጀመርኩ።

ፓክ ዲርጆ እጁን አነሳ። ሲቆጣ የማይጮህ ሰው ነው፣ ይበልጥ ይለሰልሳል። "ይሄ ሁሉ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ማርሱዲ፣ ሁለት ጊደር ታደርገዋለህ። ቡ ሩሚያህ፣ ሁለት ጊደር ቀላል ነገር አይደለም፣ ከዓመት በኋላ አራት ናቸው።"

"አደርገዋለሁ" አለ ማርሱዲ ጥርሱን ነክሶ።

"ወረቀቱን ቀይሩት" አለች ሩሚያህ። ከመቀነቷ አውጥታ ለውዙ ላይ ወረወረችው። "'አምፖሉ አልበራም ነበር' ብላችሁ ጻፉ። ሌላው እንዳለ ይሁን። አሁኑኑ፣ እዚሁ እፈርማለሁ። ጊደር አልፈልግም፣ ምንም አልፈልግም።"

"እንደዚያ ከተጻፈማ ማርሱዲ ይታሰራል።"

"እኔ የጠየቅሁት አንዲት መስመር ነው።"

"የሁሉም ሽቦ ይነቀላል። መኸሩ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶት!"

"ተናገራችሁትና አረፋችሁ" አለች። "ከመጀመሪያውም የመኸሩ ነገር ነው።" ወረቀቱን መልሳ አነሳችና ወጣች።

ካርዮ የተደፋውን ሻይ እያየ "ሴትየዋ አብዳለች" አለ። ተነስቼ ስወጣ ጫማዬን በር ላይ አጣሁት፤ አንዱ ቦዩ ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሩሚያህ ጊደሯን ፈትታ በመንደሩ መሃል መንገድ ይዛት መጣች። በጓሮ አቋራጭ አለ፣ አልሄደችበትም። ቀጥ ያለ ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ነው። ጊደሯ በየደጁ እየቆመች የሰው አበባ ትበላለች፣ ሩሚያህም ትጠብቃታለች። የፓክ ዲርጆን ጽጌረዳ አንድ በአንድ ጨረሰች። የሹሙ ሚስት በረንዳ ላይ ቆማ አየች።

ማርሱዲ ከግቢው በር ላይ ጠበቃት።

"ምን ማለት ነው ይሄ?"

"እንካ።" ገመዱን አልሰጠችውም፣ እግሩ ሥር ጣለችው። "ወፍራለች። ሦስት ቀን አብልቻታለሁ፣ ከባሌ ማሳ ባጨድኩት ሣር። ሰው ከገደልክ በኋላ ላም የምትሰጠው ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለእንቅልፍህ?"

በሃያ ሁለት ዓመት ማርሱዲን አንተ ብላው አታውቅም ነበር። አጥሩ ላይ የተደገፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

"ኋላ ትቆጫለሽ" አለ። "ሩዝሽ በአይጥ ሲያልቅ ማን ይረዳሻል? ለመቶኛው ቀን ዱዓ ማን መጥቶ ይቀቅልልሻል? ብቻሽን ነሽ!"

"ብቻዬን ያደረግኸኝ አንተ ነህ" አለችና ፊቷን ወደ ዋናው መንገድ አዞረች።

ፖሊስ ጣቢያው አራት ኪሎ ሜትር ነው። ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ደረስኩባት።

"ሩሚያህ፣ ሞተሩ ላይ ውጪ፣ ላድርስሽ።"

አልሰማችኝም፤ ማለቴ ሰማችኝ። በጎን አልፌ እንዳልቀድማት ፈራሁ፣ ትቻት እንዳልመለስም አፈርኩ። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ ሄድኩ። ሞተሩ ጋለ። አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ አንዲት ሴት በላስቲክ ጫማ ትሄዳለች፣ ከኋላዋ አንድ ሰው ሄልሜት አጥልቆ በሚንተፋተፍ ሞተር ይከተላታል። ሸንኮራ የጫነ መኪና አልፎን ሾፌሩ "አባቴ፣ ይቅርታ ጠይቃት፣ ትውጣልህ!" ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ሳቀ። ይቅርታ በአንደኛ ማርሽ እንደማይደረስበት ማን ይንገረው?

ጣቢያው ውስጥ አንድ ወፍራም ፖሊስ ማራገቢያ ፊት ተቀምጧል። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው።

"ደብዳቤውን አመጡ እናቴ?" አላት።

"አላመጣሁም። እርስዎ ይጻፉልኝ።"

"ምስክር አለዎት?"

ሳትዞር በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ጠቆመች። "ያ።"

ተቀመጥኩ። ኩሽናውን ነገርኩት፣ አምፖሉን ነገርኩት፣ ዘይቱን ነገርኩት። "ጥረገው" ማለቴንም ነገርኩት፤ እዚያ ላይ የሩሚያህ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ። ፖሊሱ ጣቶቹን ከመጻፊያው አነሳ።

"ይህን ስትናገር ራስህ ላይ እየመሰከርክ መሆኑን ታውቃለህ?"

"ያውቃል" አለች ሩሚያህ። "እሱ የማያውቀው ነገር የለም። ሲዘገይ ነው እንጂ።"

"ሽቦ የዘረጋህላቸውን ሰዎች ስም ጥራ።"

መጥራት ጀመርኩ። የራሴን፣ የማርሱዲን፣ የፓክ ዲርጆን፣ የካርዮን። ወደ ሃያዎቹ ስደርስ ውጭ ሞተር ቆመ። በመስኮቱ ማርሱዲና ፓክ ዲርጆ ወርደው ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። ፓክ ዲርጆ የላስቲክ ማኅደሩን ጭኑ ላይ አድርጓል። ድምፄ ወረደ።

"አይሰማም" አለ ፖሊሱ።

ከፍ አደረግሁት። አርባ አንዱንም ጠራሁ። ሳርፓንንም ጠራሁ፤ ሩሚያህ ራሷን ነቀነቀች።

ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ሦስት ገጽ ነው። ፖሊሱ ወደ እሷ አዞረላት። እሷ ግን ጣቷን አላስቀመጠችበትም፣ መልሳ ገፋችለት።

"አምፖሉ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

ፈለገላት። "እዚህ ጋ።"

"ያንብቡልኝ።"

"'በተጠቀሰው ሰዓት የማስጠንቀቂያ አምፖሉ ከቦታው ተነቅሎ ስለነበር አልበራም ነበር። ሟች የተለመደውን ጥንቃቄ አድርጎ…'"

"እንደገና። ማራገቢያው ድምፅዎን ይውጠዋል።"

ፖሊሱ አያት፤ ቀጥሎ መስኮቱን አየ፣ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች አየ። እጁን ዘርግቶ ማራገቢያውን አጠፋ። ሙቀቱ ወዲያው መጣ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተት አድርጎ፣ ድምፁን ሳይቆጥብ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አነበበው። ውጭ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"አሁን እስክሪብቶ ይስጡኝ" አለች ሩሚያህ።

ስሟን ሙሉውን፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች።